እርጥቡን እህል ከላይ አድርጉት፦ በግላቸው ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች



ከጁሙዓ በኋላ ግሮንላንድ ላይ ሻይ ይዘን ስንቀመጥ ከእናንተ የሚመጣው ጥያቄ እየተቀየረ ነው። ቀደም ሲል «የትኛውን ትምህርት ብማር ይሻላል?» ነበር። አሁን ብዙዎቻችሁ ከትምህርታችሁ ወይም ከቋሚ ሥራችሁ ጎን ለጎን ድረ ገጽ ትሠራላችሁ፣ ሎጎ ትነድፋላችሁ፣ ቪዲዮ ታቀናብራላችሁ፣ ትተረጉማላችሁ። ስለዚህ ጥያቄው «ደንበኛዬ እንዲህ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ሆኗል።

እኔ ቀን ተቀጥሬ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። ማታና ቅዳሜ ደግሞ ለዓመታት የግል ሥራ ወስጃለሁ። ሙፍቲ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። የፊቅህ ጥያቄ ለኢማማችሁ፣ የሕግ ጥያቄ ለሕግ ባለሙያ ይቅረብ። እኔ የማካፍላችሁ ወድቄ የተማርኩትንና፣ አንብቤ የጠቀመኝን ነው። ከራሴ ጥፋት ልጀምር።

ሁለት ቀን ዝምታ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እዚሁ ሰፈር ምግብ እያዘጋጁ የሚሸጡ አንዲት እናት ለረመዳን የኢፍጣር ትዕዛዝ መቀበያ ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። ሠራሁ፤ ክፍያዬንም ተቀበልኩ። ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ማታ አንድ ነገር አየሁ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲያዝዙ የሁለቱም ገንዘብ ይቆረጣል፤ የአንደኛው ትዕዛዝ ግን ወደ ኩሽና አይደርስም። ስህተቱ የኔ ነበር።

ልደውል ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። «እሳቸውን ከማስጨንቅ ሌሊቱን አስተካክለዋለሁ፤ ሳያውቁት ያልፋል» አልኩ። ሌሊቱ አልበቃኝም። ዓርብ ዝም አልኩ። ቅዳሜም ዝም አልኩ። በነዚያ ሁለት ቀናት አሥራ አንድ ትዕዛዝ ጠፋ። ጾመው የዋሉ ቤተሰቦች መግሪብ ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መጥተው «ከፍለናል እኮ!» ሲሉ፣ እኚያ እናት ለራሳቸው ልጆች ያስቀመጡትን ሾርባና ሳምቡሳ አውጥተው ሰጡ።

እሑድ ጠዋት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ምጣድም ይሰነጠቃል፤ የሰው ሥራ ነው። ሐሙስ ብትነግረኝ ድረ ገጹን ዘግቼ በስልክ እቀበል ነበር። አንተ ግን እያወቅህ ዝም ብለህ ሰው ፊት አቆምከኝ» አሉ። የሠራሁበትን ገንዘብ መለስኩላቸው፤ ስህተቱንም አስተካከልኩ። ገንዘቡ አላሳዘነኝም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ያስቀመጥኩት ስልክ ነው።

እህሉን ያረጠበው ዝናብ ነበር

በሶሒሕ ሙስሊም ከተዘገቡት ታሪኮች አንዱን ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ ታውቁታላችሁ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ እህል ሻጭ ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። ላዩ ደረቅ ነው፤ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ አገኙት። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማጭበርበርንም በጽኑ አወገዙ።

ታሪኩን ብዙ ጊዜ የምንሰማው «አታጭበርብሩ» የሚል ትምህርት ሆኖ ነው። እኔ ከዚያ ረመዳን በኋላ ያስተዋልኩት ሌላ ነገር ነው። ሰውዬው እህሉን ውኃ አላረከሰውም። ዝናብ የመታው እህል ገበያ ላይ ማምጣቱም አልተከለከለም። የተጠየቀው ስለ እርጥበቱ ሳይሆን፣ እርጥቡ የት እንደተቀመጠ ነው። እርጥቡ ከላይ ቢሆን ኖሮ ገዢው አይቶ ወይ በቅናሽ ይገዛል፣ ወይ ትቶት ይሄዳል። ምርጫው የገዢው ይሆን ነበር። ደረቁ ከላይ ሲሆን ግን ሻጩ የገዢውን ምርጫ ወስዶበታል።

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ከወላጆቹ ጋር የሄደ ሰው ያውቀዋል። ገዢ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ እጁን ወደ ውስጥ ይሰዳል። የኛ ደንበኛ ግን እጁን መስደድ አይችልም። የጻፍነውን ኮድ ማንበብ፣ የተረጎምነውን ከኦሪጅናሉ ጋር ማመሳከር፣ የቆጠርነውን ሰዓት መፈተሽ አይችልም። የቀጠረንም ስለማይችል ነው። ስለዚህ ሥራችን ከእህል ንግድ ይልቅ በአማና ላይ የቆመ ነው።

የምነግራችሁ ዋና ነገር ይኸው ነው። ከደንበኛ ጋር የሚገጥማችሁ ፈተና አብዛኛው የሚፈታው እርጥቡን ከላይ በማድረግ፣ ያውም በጊዜ በማድረግ ነው። ከሥራው በፊት የተነገረ ከባድ ነገር ርካሽ ነው። ዘግይቶ ሲነገር ዋጋው ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝን አንድ በአንድ እንይ።

መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ እወቁ

በኖርዌይ ሕግ «ፍሪላንሰር» እና በራሱ ስም ንግድ ያቋቋመ ሰው አንድ አይደሉም። ፍሪላንሰር ድርጅት የሌለው፣ ግን ተቀጣሪም ያልሆነ ሠራተኛ ነው፤ የሚከፍለው ደንበኛ ግብሩን ቀንሶ ይከፍለዋል። ኤንኬልትፐርሱንፎረታክ ያቋቋመው ግን በብሮኖይሱንድ መዝገብ ተመዝግቦ ባለ 9 አኃዝ የድርጅት ቁጥር ይዞ በፋክቱራ ያስከፍላል፤ ግብሩንም ራሱ አስቀድሞ ይከፍላል። ሁለተኛው ሲታመም የመጀመሪያዎቹን 16 ቀናት ናቭ አይሸፍንለትም፤ ከ17ኛው ቀን ጀምሮም የሚያገኘው ከገቢው 80 በመቶ ላይ የተሰላ ነው፣ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካልገዛ በስተቀር። ዋጋ ስታወጡ ይህንን ካልቆጠራችሁ ራሳችሁን እያታለላችሁ ነው።

ሦስተኛም አለ። አንዳንድ አሠሪ የሥራ ሰዓታችሁን እየወሰነ፣ በየቀኑ እያዘዘ፣ ሌላ ደንበኛ እንዳትይዙ እየከለከለ «ፋክቱራ ላክ» ይላል። ይህ ተቀጣሪነት ነው፤ መብቱ ብቻ ጎድሎበታል። ኖርዌይ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ የሥራ አካባቢ ሕጓን በዚሁ ምክንያት አጥብቃለች። ሰውየው ተቀጣሪ አይደለም የሚል አሠሪ ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

የፊቅህ ሊቃውንትም ይህንን ልዩነት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። አጂር ኻስ የሚባለው ጊዜውን ለአንድ አሠሪ ያከራየ ነው። አጂር ሙሽተረክ የሚባለው ደግሞ እንደ ልብስ ሰፊና እንደ ቀለም ነካሪ የብዙ ሰው ሥራ የሚቀበል ነው። የመጀመሪያው የሸጠው ጊዜውን ነው፤ ሁለተኛው የሸጠው የተጠናቀቀ ሥራ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቀጥሎ ይጠቅመናል።

«የኛው ሰው ነህ፣ ውል ምን ያደርጋል?»

አንደኛው ፈተና ከራሳችን ሰው ይመጣል። የአባታችሁ ጓደኛ ሱቅ ከፍቷል፤ ድረ ገጽ ይፈልጋል። ዋጋ ስትጠይቁ «እንስማማለን፣ ልጄ አይደለህ?» ይላል። ይሉኝታ ይይዛችኋል። ሥራው በሦስት ሳምንት ፈንታ ሦስት ወር ይፈጃል። እሱ በልቡ 3,000 ክሮነር፣ እናንተ በልባችሁ 20,000 ይዛችኋል። መጨረሻ ላይ ሁለታችሁም ተበደልኩ ትላላችሁ፤ አባታችሁም መሐል ላይ ይቆማሉ።

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በአል-በቀራ ምዕራፍ ያለው፣ ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር የሚያዘው እንደሆነ አስታውሱ። ያ ትእዛዝ የተሰጠው እርስ በርስ ለሚተማመኑ አማኞች ነው። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ ሁለቱም ሰው እንደሚረሳ ማወቅ ነው።

ለታላቅ ሰው እንዲህ በሉ፦ «አባባ፣ እኔ በኋላ እንዳላሳፍርዎ የተስማማነውን በአጭሩ ልጻፍልዎ።» አንድ ገጽ ይበቃል። ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይጨምር፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል ጻፉ። በነፃ ልትሠሩለት ከፈለጋችሁም ጻፉት፤ «ይህ ስጦታ ነው፣ እስከዚህ ድረስ ነው» በሉ። ድንበር የሌለው ስጦታ ወደ ቂም ይለወጣል።

ትልቅ ሥራ ሲሆን የመንግሥት ደረጃቸውን የጠበቁ የውል ናሙናዎች በነፃ ይገኛሉ። ኦፕድራግሳቭታለን የተወሰነ ውጤት ለማስረከብ፣ ቢስታንድሳቭታለን ደግሞ በሰዓት እየተከፈለ ለማገዝ የተዘጋጁ ናቸው። ለትንሽ ሱቅ ይረዝማሉ፤ ግን አንድ ጊዜ አንብቧቸው። ያልታሰበባችሁን ጥያቄ ያሳዩአችኋል።

ሰዓቱን ማን አየው?

ሁለተኛው ፈተና ዝም ያለ ነው። ሥራው በ10 ሰዓት ያልቃል ብላችሁ ነበር፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዛችሁ በ3 ሰዓት ጨረሳችሁት። ደንበኛው ውጤቱን ወዶታል። ፋክቱራው ላይ 10 ብትጽፉ ማንም አያውቅም።

ያቺ አጂር ኻስና አጂር ሙሽተረክ ያልናት እዚህ ትጠቅማለች። የተስማማችሁት በሰዓት ከሆነ የሸጣችሁት ጊዜ ነው፤ ሦስት ሰዓት ሸጣችሁ አሥር ማስከፈል ሚዛን ማጉደል ነው። 83ኛው የቁርኣን ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ከሚዛን አጉዳዮች ነው፤ ስለ ኪሎ ብቻ አድርገን አንረዳው። ፍጥነታችሁ እንዲጠቅማችሁ ከፈለጋችሁ መንገዱ ክፍት ነው፦ በሥራው ልክ ዋጋ ቁረጡ። «ይህን አጠናቅቄ አስረክባለሁ፣ ዋጋው 8,000 ነው» ካላችሁና ደንበኛው ከተስማማ፣ በሦስት ሰዓት መጨረሳችሁ የእናንተ ትርፍ ነው። በአሥራ አምስት ሰዓት ቢያልቅም ኪሳራው የእናንተ ነው። የማይቻለው ሲያተርፍ በሥራ፣ ሲያከስር በሰዓት መቁጠር ነው።

እርጥቡ እህል የማናውቀው ነገርም ይሆናል። «ይህን ትችላለህ?» ሲባል «አዎ» ብሎ ማታ ቪዲዮ እያዩ መማር የተለመደ ነው። መማሩ ነውር የለውም። ነገር ግን ደንበኛው ገንዘቡን በልምድ ላይ እንዳዋለ እንዲያምን አታድርጉ። «ይህን ከዚህ በፊት አልሠራሁም፤ የምማርበትን ሰዓት አላስከፍልም፤ በሁለት ሳምንት ካልተሳካ እነግርዎታለሁ» ብላችሁ ሥራ የምታጡት ከምታስቡት ያነሰ ነው። የሚቀጥለው ደንበኛም በዚህች ቃል ይመጣል።

አዲስ አበባ ያለው ወንድም

ሦስተኛው ፈተና የኛ የሐበሾቹ ነው። ኦስሎ ላይ በ40,000 ክሮነር የተዋዋላችሁትን ሥራ አዲስ አበባ ላለ ጎበዝ ልጅ በ6,000 ትሰጣላችሁ። እሱ ደስ ይለዋል፣ እናንተም ታተርፋላችሁ። ጥያቄ አለው?

ሦስት ሰው ቁጠሩ። አንደኛው ደንበኛው ነው። ከእናንተ እጅ ነው ብሎ ከተዋዋለ ሥራውን ለሌላ ማሳለፍ ፈቃዱን ይጠይቃል። ውጤቱን ብቻ ከገዛ ግን ማን እንደሠራው ብዙ ላይገደው ይችላል። ሊቃውንቱም «በራስህ እጅ» ተብሎ የተያዘን ሥራና እንዲሁ የተያዘን ይለያሉ። መፍትሔው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከፊሉን ሥራ አብሮኝ የሚሠራ ባለሙያ ኢትዮጵያ አለ፤ ለጥራቱ ተጠያቂው እኔ ነኝ።» ይህን ለማለት ካፈራችሁ እርጥቡ እዚያ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው የደንበኛው ደንበኛ ነው። የሱቁ ገዢዎች ስም፣ ስልክና አድራሻ ይህን ውል አልፈረሙም። የአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ከጁላይ 20 ቀን 2018 ጀምሮ ኖርዌይም ውስጥ ይሠራል። የሰው መረጃ ለደንበኛ ስትይዙ የመረጃ አያያዝ ስምምነት በጽሑፍ ያስፈልጋል። መረጃውን ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ፣ ኢትዮጵያንም ጨምሮ፣ መላክ የራሱ ሕጋዊ ሁኔታዎች አሉት። ቀላሉ መንገድ ለወንድማችሁ እውነተኛውን ዝርዝር ሳይሆን የፈጠራ ናሙና መላክ ነው። የደንበኛን ፋይል ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ማብላትም ከዚህ አይለይም፤ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ይኸው ሕግ መረጃ ሲያፈተልክ የሚያዘውን ተመልከቱ። መረጃ የያዘው ባለሙያ ሳይዘገይ ለደንበኛው ይነግራል፤ ደንበኛውም አደጋ ካለው ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለዳታቲልሲኔት ያሳውቃል። ሐሙስ ማታ ያስቀመጥኩት ስልክ የሰዎች መረጃ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ፣ ዝምታዬ እሳቸውንም ሕግ ፊት ያቆማቸው ነበር።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ያለው ወንድም ራሱ ነው። እዚያ ያለው ዋጋ እዚህ ካለው ማነሱ በራሱ በደል አይደለም። በደሉ ያለው እሱ ሌሊት ሲሠራ ደንበኛው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ ብሎ ማንጠልጠል፣ ስሙን መደበቅ፣ ጥፋት ሲመጣ በእሱ ማላከክ ላይ ነው። ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ ላቡ የሚናገረውን ሐዲሥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንቀጠር ብቻ ሳይሆን ስንቀጥርም ይመለከተናል። ከቻላችሁ የሠራውን ሥራ በስሙ እንዲያሳይ ፍቀዱለት፤ ለሱ ከገንዘቡ ይበልጥ ይሆናል።

«በጥሬው ልስጥህ፣ ወረቀት ይቅር»

አራተኛው ግሮንላንድ ላይ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። ደንበኛው ጥሬ ገንዘብ ይሰጣል፤ ፋክቱራ የለም፤ «ሁለታችንም እንጠቀማለን» ይባላል። የሚያቀርበው ደግሞ ብዙ ጊዜ ደግ ሰው ነው፤ ያግዛችሁ መስሎታል።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ12 ወር ውስጥ ሽያጫችሁ 50,000 ክሮነር ካለፈ ለሞምስ ትመዘገባላችሁ፤ መደበኛው መጠን 25 በመቶ ነው። ሳትመዘገቡ ፋክቱራ ላይ ሞምስ መጨመር አይፈቀድም። የሒሳብ ሰነዶች ለ5 ዓመት ይቀመጣሉ። ከ10,000 ክሮነር በላይ ለሆነ ሥራ በባንክ ሳይሆን በጥሬ ገንዘብ የከፈለ የግል ደንበኛ፣ ሠሪው ግብር ካልከፈለ አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ደግ መስሎ የታየው ስምምነት እሱንም አደጋ ላይ ይጥለዋል፤ እሱ ግን ይህን ላያውቅ ይችላል።

እዚህ ያደግን ልጆች በዚህ ግብር ተምረናል፤ እናቶቻችን በዚህ ግብር ታክመዋል። ያለ ደረሰኝ የሠራ ሰው ደግሞ ሲታመምና ሲወልድ ከናቭ የሚያገኘው በተመዘገበው ገቢ ልክ ብቻ ነው። ደንበኛውም ካልከፈለው ማስረጃ የለውም።

ሞምስ ላይ ሌላ እርጥብ እህል አለ። «20,000 ነው» ትላላችሁ፤ ባለ ሱቁ ይስማማል፤ ከዚያ 25,000 የሚል ፋክቱራ ይደርሰዋል። «ሞምስ እኮ ይጨመራል» ብትሉት ትክክል ናችሁ፤ ግን አልነገራችሁትም። ዋጋ ስትናገሩ ሁልጊዜ «ሞምስን ጨምሮ» ወይም «ያለ ሞምስ» በሉ።

«አምስት ኮከብ ጻፍልኝ»

አምስተኛው ፈተና ደንበኛው ሦስተኛ ሰው እንድታታልሉለት ሲጠይቅ ነው። የውሸት የደንበኛ አስተያየት ጻፍ፣ የሌለ ቅናሽ አሳይ፣ ሰው ከአባልነት መውጫውን እንዳያገኘው ደብቅ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርደህ ተጠቀም ይላል። እነዚህን የገበያና የቅጂ መብት ሕጎችም ይከለክላሉ። «እኔ የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት» የሚለው መልስ ግን ከሕጉ በፊት ኅሊና ላይ ይወድቃል፤ ኮዱን የጻፈው የእናንተ እጅ ነው።

እምቢ ማለት ጠብ መሆን የለበትም። ችግሩን ንገሩ፣ ከዚያ ሌላ መንገድ አሳዩ፦ «የውሸት አስተያየት ቢታወቅ ሱቅዎን ይጎዳል። ይልቅ እውነተኛ ደንበኞችዎ በቀላሉ አስተያየት የሚሰጡበትን አገናኝ ልሥራልዎ።» እኔ እንዲህ ስል ብዙዎቹ ተቀብለውኛል። ያልተቀበሉኝም ነበሩ፤ ሥራው ቀረ። ከገቢው ወር ሙሉ የሚኖር ሰው ይህ እንደማይቀለው አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሁለት ወር ወጪ መጠባበቂያ ሳይኖራችሁ ቋሚ ሥራችሁን አትልቀቁ የምላችሁ። ባዶ ኪስ እምቢ ለማለት ይቸገራል።

ስለ ወለድ፣ ስለ መጠጥና ስለ ቁማር ማስታወቂያ ብዙ ትጠይቁኛላችሁ። ብይኑን ከዑለማ ጠይቁ። ከእኔ በኩል ግን፣ የማትሠሩትን ዓይነት ሥራ ደንበኛ ሳይመጣ በፊት ወስኑ፤ ሥራውን ከመቀበላችሁ በፊትም ተናገሩ። ግማሽ ላይ ጥሎ መሄድ ደንበኛውን በሌላ መንገድ መበደል ነው።

ካልከፈለኝስ?

እስካሁን ስለ እኛ ግዴታ ተናገርን። ደንበኛውም ሐቅ አለበት፤ ይህም አዲስ ችግር አይደለም። ከነቢይነት በፊት በመካ፣ ከየመን ዘቢድ የመጣ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ለአል-ዓስ ኢብን ዋኢል ሸጠ፤ አል-ዓስ ግን ገንዘቡን ከለከለው። ነጋዴው ወገን የለውም። አቡ ቁበይስ ተራራ ላይ ወጥቶ ተጣራ። የተወሰኑ የቁረይሽ ጎሳዎች በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ ማንም ቢበደል ሐቁ እስኪመለስ ከተበዳዩ ጋር ሊቆሙ ተማማሉ፤ የነጋዴውንም ሐቅ አስመለሱ። ወጣቱ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ስብሰባ ነበሩ፤ በነቢይነት ዘመናቸውም ስምምነቱን አወድሰውታል። ሒልፍ አል-ፉዱል ይባላል።

አል-ዓስ አልታረመም። በኋላ አንጥረኛው ኸባብ ኢብን አል-አረት ሠርቶለት ክፍያውን ቢጠይቀው፣ እምነትህን ካልካድክ አልከፍልህም አለው። ኸባብ ገንዘቡን አጣ፤ እምነቱን ግን አልሸጠም። የመርየም ምዕራፍ መጨረሻ አካባቢ ያሉ አንቀጾች በዚህ ምክንያት እንደወረዱ ይነገራል። የዚህ ሰው ልጅ ዐምር፣ ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች ለማስመለስ ነጃሺ ዘንድ የተላከው ያው ዐምር ኢብን አል-ዓስ ነው። እሱ ግን በኋላ ሰልሟል።

ሰፈራችሁን ለቅቃችሁ ተራራ መውጣት አያስፈልጋችሁም። ቀኑ ካለፈ በትሕትና አስታውሱ፤ ሰው ይረሳል። ካልሆነ የ14 ቀን ጊዜ የሚሰጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ላኩ። ከዚያ ወደ ኢንካሶ ወይም ወደ ፎርሊክስሮዴት መሄድ ይቻላል። ፎርሊክስሮዴት በየማዘጋጃ ቤቱ ያለ የዕርቅ ችሎት ነው፤ ያለ ጠበቃ መቅረብ ይቻላል። ያቺ አንድ ገጽ ውል እዚያ ትናገርላችኋለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅድሚያ ክፍያ ነው። ሲሶውን ሲጀመር፣ ሲሶውን መሐል ላይ፣ ሲሶውን ሲያልቅ መቀበልን ውል ውስጥ አስገቡ።

የማይገባው ምንድን ነው? ድረ ገጹን በድብቅ መዝጋት፣ የይለፍ ቃል መያዝ፣ የሱቁን የደንበኞች ዝርዝር ማገት። በ2018ቱ የኖርዌይ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት የፈጠራ ሥራ መብቱ መጀመሪያ የሠሪው ነው፤ «መብቱ የሚተላለፈው ክፍያው ሲጠናቀቅ ነው» ብሎ መዋዋልም ይቻላል። ይህ ከላይ የተቀመጠ ነው፤ ደንበኛው አይቶ ፈርሟል። የሱቁ ዳታ ግን የእናንተ አይደለም። የተበደለ ሰውም አማና አለበት።

ከሒልፍ አል-ፉዱል የምንወስደው ሌላም አለ፦ ብቻውን ያለ ነጋዴ ደካማ ነው። በ2019 ኦስሎ ውስጥ የፉዶራ ብስክሌተኞች ለአምስት ሳምንት ያህል አድማ መትተው የጋራ ስምምነት ያገኙት አንድ በመሆናቸው ነው። እኛም ዋጋችንን፣ የውል ናሙናችንንና ልምዳችንን እርስ በርስ ብንካፈል የሚጎዳ የለም። አዲስ የጀመረ ወንድም ወይም እህት ስንት እንደሚጠይቅ ሳያውቅ በግማሽ ዋጋ እንዳይሠራ፣ አስቀድመን የወደቅነው እንናገር።

ለሐለቃ ውይይት

እነዚህን በቡድን ተወያዩባቸው፤ ከተቻለ እውነተኛ ጉዳይ ይዛችሁ ኑ።

1. አሁን በያዛችሁት ሥራ ደንበኛው የማያውቀው፣ ቢያውቅ ግን ሐሳቡን የሚቀይርበት ምን አለ? መቼ ትነግሩታላችሁ?
2. ለዘመድ የሠራችሁት ሥራ ቂም ትቶ ያውቃል? የትኛዋ ዓረፍተ ነገር አስቀድማ ብትነገር ታድነው ነበር?
3. ሥራ ለሌላ ስታሳልፉ ለእሱ የምትከፍሉትን ደንበኛው ቢያይ ታፍራላችሁ? ለምን?
4. የማትሠሩት ሥራ ምንድን ነው? አሁን ጻፉት።

ለማጠቃለል ወደ እኚያ እናት ልመለስ። በቀጣዩ ረመዳን ድረ ገጹን እንዳድስላቸው ደወሉልኝ። ተገርሜ «እኔን?» አልኳቸው። «አንተ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከፍል አውቀሃል፤ ሌላው ገና አላወቀም» አሉኝ። በዚያው ወር አንድ ማታ ሌላ ትንሽ ስህተት አየሁ። ለሱሁር እስኪነሱ ጠብቄ ደወልኩላቸው። «ደግ አደረግህ፤ ዛሬ በስልክ እቀበላለሁ» ብለው ዘጉ። ንግግራችን አንድ ደቂቃም አልሞላ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን በረካ ያለው ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።